ኮምቦልቻ ስቶር ውስጥ የተገኙት የዋልታ መጻሕፍትና አንድ የዝናብ መዝገብ

የተጠየቀው፦ «ሰላም። ኮምቦልቻ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን ስቶር ሲጸዳ ሁለት ካርቶን አሮጌ መጻሕፍት ወጣ። አብዛኞቹ ስለ ሰሜንና ደቡብ ዋልታ ጥናት ናቸው። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ሩሲያኛ ነው። ከስር ደግሞ የትምህርት ቤቱ የዝናብ መለኪያ መዝገብ የሚመስል ትልቅ ደብተር አለ፤ ከ1961 እስከ 1974 ዓ.ም. ይላል፤ ውሃ ነክቶታል። ንብረት ክፍል ሁሉንም በኪሎ ሊሸጠው ነው። አንድ ስካነር አለን። ስካን አድርገን በቴሌግራም ለሕዝብ ብንለቀውስ? ከየት እንጀምር?»

ሰላም መምህር። ከሁሉ በፊት ንብረት ክፍሉን ያስቁሙልኝ። ዛሬውኑ። ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ የእኔ ምክር አይጠቅምዎትም። ለርእሰ መምህሩ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ፤ «ሁለት ካርቶን መጻሕፍትና አንድ መዝገብ ተለይተው እስኪታወቁ ድረስ እንዳይወገዱ» ይበሉ። የገቢ ቁጥር ይሰጠው፣ ማህተም ይረፍበት። በአፍ የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ አሮጌ ወረቀት ወደ ዲጂታል መለወጥና ማስቀመጥ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣልኝ የድሮ ዶሴ ወይም የቤተሰብ ፎቶ ነው። ስለ አንታርክቲካ መጻሕፍት ከኮምቦልቻ ስጠየቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ነው ልቤ ደብተሩ ላይ የቀረው።

እቅጩን ልንገርዎት። ስካነሩን መጽሐፎቹ ላይ አይጨርሱት። መጀመሪያ ደብተሩ።

ለምን መሰለዎት? የዋልታ ጥናት መጻሕፍት ዕድለኞች ናቸው። በብዙ ቅጂ ታትመው በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት ተበትነዋል። ከ20 ዓመት ወዲህ ደግሞ ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ስካን ተደርገው በነፃ ተለቀዋል። ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ የሚባል አለ፤ ትልልቅ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ያቆሙት ነው፤ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገጽ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭም አለ። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ቻሌንጀር የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ውቅያኖሶችን ዞራለች፤ በ1874 የአንታርክቲክን ክበብ አልፋ ገብታለች። የጉዞዋ ሪፖርት 50 ጥራዝ ነው። ድሮ እሱን ለማየት ባሕር ማዶ መሻገር ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ተማሪዎ ቦርከና ዳር ተቀምጦ በስልኩ ይገልጠዋል፤ ያውም የጥልቅ ባሕር እንስሳቱን ሥዕል ሳይቀር።

ስለዚህ ለመጽሐፎቹ አንድ ሁለት ከሰዓት ይበቃል። የእያንዳንዱን የርእስ ገጽ በስልክ ያንሱ። ርእሱን፣ የታተመበትን ዓመትና አሳታሚውን ኤክሴል ላይ ይጻፉ። ከዚያ ሁለቱ ቦታ ገብተው ይፈልጉት። ከተገኘ ሊንኩን ከጎኑ ያስቀምጡ። ይህ ዝርዝር ለተማሪዎቹ ከስካኑ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ሲያወርዱ ደግሞ ፒዲኤፉ ብዙ መቶ ሜጋ ባይት ሊሆን ስለሚችል በሌሊት ጥቅል ያድርጉት፤ ወይም ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ጽሑፉ ብቻ ያለበትን ቀላል ፋይል ይምረጡ። ለንባብ ይበቃል። ለሰንጠረዥ ግን አይሆንም፤ ማሽኑ ቁጥሮቹን ሲያነብ ዓምዶቹን ያደባልቃቸዋል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በሕግ በኩልም መጽሐፎቹ እኩል አይደሉም። ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የታተሙት ብዙም አያሳስቡም። ከ1950ዎቹ ወዲህ ያሉት ግን አብዛኞቹ ገና ባለቤት አላቸው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ቤተ መጻሕፍት እንዳይጠፋበት ለራሱ አንድ ቅጂ ማውጣቱ ሌላ ነገር ነው። ሙሉውን መጽሐፍ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግን ከዚያ ያልፋል፤ አይልቀቁት። ርእሱን፣ ማውጫውንና የት እንደሚገኝ ይለጥፉ። ጥሬ ቁጥርን ግን የቅጂ መብት አያግደውም። የዝናብ መጠን የማንም ድርሰት አይደለም፤ ከሰማይ የወረደ ነው።

የሩሲያኛዎቹን ለብቻ ያስቀምጧቸው። ሩሲያ የተማሩ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፉም። አንዱን ቡና ይጋብዙትና ርእሶቹን ያስነብቡት። ሶቪየቶች ቮስቶክ የተባለውን ጣቢያ አንታርክቲካ መሀል ላይ የከፈቱት በታኅሣሥ 1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው ጣቢያ በ1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተለክቷል። የ1950ዎቹ መጻሕፍት ካሉዎት ምናልባት የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ይባላል፤ ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 እ.ኤ.አ. 67 አገሮች ምድርን በአንድ ጊዜ የለኩበት ዘመቻ ነው። ለተማሪዎችዎ ይህን ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፤ አዲስ አበባ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተወለደው ከዚያው ዘመቻ ነው። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢስ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ተፈለገች። የመሠረቱት አባ ፒየር ጉዋን ኋላ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬን ያናወጠውን የመሬት መንቀጥቀጥ አጥንተዋል። ካራቆሬ ከእናንተ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ መንገድ ላይ ናት። ደቡብ ዋልታና የኮምቦልቻ መንገድ እንዲህ ይገናኛሉ።

አሁን ወደ ደብተሩ።

ካርል ቫይፕሬክት የሚባል የኦስትሪያ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ሁለት ክረምት በአርክቲክ በረዶ ተይዞ ቆይቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አጥብቆ ተናገረ፤ አገሮች ማን ወደ ዋልታው ይበልጥ ቀረበ እያሉ ከሚሽቀዳደሙ፣ በየቦታው ቆመው በአንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ይለኩ አለ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ። ከ1882 እስከ 1883 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት ተካሄደ። እሱ ግን አላየውም፤ በ1881 ሞተ። ሰዎቹ በየሰዓቱ ለኩ። አንዳንዶቹ ነፍሳቸውን ከፈሉበት። ከዚያ እያንዳንዱ አገር በየቋንቋው ወፋፍራም ጥራዝ አሳተመ። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ቫይፕሬክት የፈለገው ሁሉንም ጎን ለጎን አድርጎ ማየትን ነበር። ቁጥሮቹ ግን በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ ሰንጠረዦች ውስጥ ተዘግተው ቀሩ። ወደ ኮምፒዩተር ገብተው እንደሚገባ አንድ ላይ የታዩት ከ100 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። መጽሐፉ አልጠፋም፤ በየቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ቁጥሩን ግን ማንም ሊደምረው፣ ሊያነጻጽረው አልቻለም።

ከዚያም የጃኔት መርከብ ታሪክ አለ። ጃኔት በ1879 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣች። በዚያው ዓመት ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በረዶ ያዛት፤ ሁለት ዓመት ገደማ ይዟት ተንሳፈፈ፤ በሰኔ 1881 ጨፍልቆ አሰጠማት። 33 ሰዎች ነበሩባት። የተረፉት 13 ናቸው። ካፒቴኑ ዴ ሎንግ ሌና ወንዝ ደልታ ላይ በረሃብና በብርድ ሞተ። መዝገቦቹ ግን ተረፉ። በበረዶ ላይ እየጎተቱ አወጧቸው፤ ምግብ እያለቀባቸው ወረቀት ተሸከሙ። ዛሬ ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ናቸው። ገጾቹ ፎቶ ተነሱ፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦልድ ዌዘር በሚባል ፕሮጀክት በጎ ፈቃደኞች የእንዲህ ዓይነት መርከቦችን መዝገብ ቤታቸው ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ተየቡ። ነፋሱን፣ የአየር ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ በረዶው የት እንደነበረ። ሳይንቲስቶች ያንን የአየር ግፊት ወስደው የዚያን ዘመን የዓለም አየር ጠባይ ቀን በቀን መልሰው ይገነቡበታል።

መምህር፣ የእርስዎ ደብተር ልክ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከ1961 እስከ 1974 ዓ.ም. ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወሎ ላይ ለተወለደ ሰው አይነገርም። 1965፣ የድርቁ ዓመት፣ ውስጡ ነው። በልግ መቼ እንደቀረ፣ ክረምቱ በስንት ቀን እንደዘገየ፣ በዚያው ከተማ ቆሞ በሚሊ ሜትር የጻፈ ሰው አለ ማለት ነው። ኮምቦልቻ የሜትሮሎጂ ጣቢያ አላት፤ አውቃለሁ። ግን አገራችን ተራራና ሸለቆ ነው። ደሴ ጉም ውጧት ሐረጎን ሲወርዱ ፀሐይ ይቀበልዎታል። ጥቂት ኪሎ ሜትር የራቀ ሁለተኛ መለኪያ የመጀመሪያውን ያረጋግጣል፤ የጎደለበትንም ይሞላል። የዋልታ መጽሐፎቹ በዓለም ላይ ብዙ ቅጂ አላቸው። ደብተሩ አንድ ነው።

ሥራው እንግዲህ እንዲህ ነው። ውሃ ነክቶታል ብለዋል። ገጾቹ ከተጣበቁ አይላቅቋቸው፤ በቢላም፣ በምራቅም፣ በእንፋሎትም። ፀሐይ ላይም አያስጡት። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚገባበት ክፍል፣ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ከፈት አድርገው ያቁሙት። ሻጋታ ካለ ማስክ ያድርጉ፤ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ውጭ ይጥረጉ። በ1911 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዛዊው አሳሽ ስኮት ጋር አንታርክቲካ የሄደ ሌቪክ የሚባል ሐኪም የፎቶ ማስታወሻ ደብተር ጎጆው ደጅ በረዶ ውስጥ ጠፍቶ ቀርቶ ነበር። ከ100 ዓመት በኋላ በረዶው ሲቀልጥ ብቅ አለ። ጥራዙን ውሃ በልቶታል። የወረቀት ጠጋኞች ገጾቹን አንድ በአንድ ለይተው፣ ፎቶ አንስተው፣ መልሰው ሰፉት። የእርሳሱ ጽሑፍ ይነበባል። የእርስዎ የተጣበቁ ገጾችም እንደዚያ ዓይነት እጅ እስኪያገኙ ይቆዩ። የሚገለጠውን ብቻ ይሥሩ።

ለዚህ ደብተር ስካነሩንም አልመክርም። ጀርባውን ጨቁነው መስተዋት ላይ ሲደፉት ይሰነጠቃል። ስልክዎ ይሻላል። ጠዋት፣ ብርሃን ከጎን በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት። ፍላሽ አይጠቀሙ። ስልኩን በእጅ አይያዙ፤ ሁለት ጡብና አንድ ጣውላ ይበቃሉ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ ይይ። ገጹ ጎን ማስመሪያ ያድርጉ። ባዶውን ገጽ ጭምር ያንሱ። ሽፋኑን፣ የጀርባውን ሽፋን፣ ዳር ላይ የተጫጫረውን ሁሉ። ስቴፕልና ስፒል ካለ ዝገቱ ወረቀቱን ሳይቀድ በቀስታ ያውጡት። ስኮች ፕላስተር ግን በፍጹም አይለጥፉበት።

ፎቶው ሲገባ ወዲያው ስም ይስጡት። የትምህርት ቤቱ አጭር ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የገጽ ቁጥር። ሁሌም በዚሁ ተራ። ስም ቀላል ነገር ይመስላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ወደ ሰሜን ቅርብ ነው፤ ያውቁታል። የዚያ ገዳም የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በማይክሮፊልም ተነስቶ ኢኤምኤምኤል 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ኢኤምኤምኤል የዚያ ማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው፤ ሥራው የተጀመረው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለ ተመራማሪም፣ ሐይቅ ያለ ዲያቆንም ያችን ቁጥር ሲጠራ አንድ መጽሐፍ ያገኛል። ፊልሙ ወደ ዲጂታል ሲለወጥም ቁጥሩ አልተቀየረም። ስም እንዲህ ነው የሚሠራው።

ከዚያ የሚቀረው ትየባው ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ማሽን የእጅ ጽሑፍ ሰንጠረዥ በሚታመን መልኩ አያነብልዎትም፤ ሰው ነው የሚተይበው። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው ያስቀምጧቸው። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይተይባል። ያንኑ ገጽ ሌላ ጥንድ ሳያይ ደግሞ ይተይበው። የተለያየው መስመር ላይ ቁጭ ብላችሁ ፎቶውን ታያላችሁ።

አንዲት ነገር ግን ከሁሉ አጥብቀው ያስተምሯቸው፤ ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም። ገጹን ሲያዩት አንዱ ቀን ላይ 0 አለ። ያ ማለት ሰውየው ሄዶ አየ፤ አልዘነበም። ሌላው ቀን ላይ ሰረዝ አለ። ሌላው ላይ ምንም የለም። ያ ምናልባት ሰውየው ታሞ ነው፣ ምናልባት ለለቅሶ ሄዶ ነው። አንዳንዱ ላይ «ጠል» ወይም «ትንሽ» የሚል ይኖራል፤ ሊለካ የማይችል ጠብታ ማለት ነው። ተማሪው ሁሉንም 0 ብሎ ከሞላ፣ ያልነበረ ድርቅ ፈጠረ ማለት ነው። በ1965 መዝገብ ላይ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እንዳለ ይተየብ። ሰረዙ ሰረዝ፣ ባዶው ባዶ፣ ቃሉ ቃል። ትርጉሙን በሌላ ዓምድ ይጻፉ።

ቀኑንም እንዲሁ። ዋናው ዓምድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፣ ደብተሩ ላይ እንዳለ። የእ.ኤ.አ.ውን ጎን ይጨምሩ። ጳጉሜን አይርሱ፤ በዘመነ ሉቃስ 6 ናት፤ በማግስቱ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ከሳቱ እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም ይዛነፋል። ሰዓቱንም ይፈትሹ። በደንቡ የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሐምሌ 10 ላይ የተጻፈው ዝናብ አብዛኛው የሐምሌ 9 ከሰዓትና ማታ ነው። ደብተሩ በዚህ ደንብ መሠራቱን የሚናገር ነገር ካለ ይፈልጉ።

ስለ ማስቀመጥ አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ አሮጌ መዛግብት ስካን አደረግን። የተቀመጠው አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። ሥራው ሲያልቅ «ስካን ሆኗል» ተባለና ወረቀቱ ተወገደ። እኔም ዝም አልኩ። ዓመት ሳይሞላ ሃርድ ዲስኩ አልከፈት አለ። ወረቀቱም የለ፣ ፋይሉም የለ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ደብተሩ ከተነሳ በኋላም አይወገድ። ለዘላለም ይቀመጥ። አሲድ በሌለው ወረቀት፣ ካልተገኘም በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ምስጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ ባለ የብረት መደርደሪያ ላይ።

ፋይሉ አራት ቦታ ይሁን። አንዱ ትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ደሴ። የቀሩት ሁለቱ ግን ከሁለቱም ከተሞች ይራቁ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባንድ ላይ ነው የያዘው። ከዚያ በፊት «አንዱን ደሴ፣ አንዱን ኮምቦልቻ» ማለት ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ያለ ዘመድዎ ጋር ይላኩ፤ ሌላውን ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ይጫኑት፣ በነፃ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ፋይሎቹን ይክፈቷቸውና ይዩ። ፍላሽ ላይ ብቻ አይተማመኑ።

ቴሌግራም? ለማሳወቅ ጥሩ ነው። ሦስት አራት ገጽ ይለጥፉ፣ ሊንኩን ይስጡ። ዋናው ማስቀመጫ ግን አይሁን። ፎቶ አድርገው ሲልኩት ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ ቻናሉም ከከፈተው ሰው ስልክ ጋር የተሳሰረ ነው። ሲጨርሱ የተተየበውን ኤክሴል ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱና ለወሎ ዩኒቨርሲቲ በደብዳቤ ይስጡ።

አንድ ነገር ግን ከፎቶውም ይቀድማል። ደብተሩን የጻፈው ማን ነው? የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው ወይስ ይቀያየራል? ምናልባት የድሮ መምህር ናቸው፤ ምናልባት የግቢው ዘበኛ። በ1974 የ25 ዓመት ወጣት የነበሩ ከሆነ ዛሬ ገና 70 ዓመት ገደማ ናቸው፤ በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ። ጡረተኞቹን ይጠይቁ፣ ቡና ላይ ይቀመጡ። መለኪያው ግቢው ውስጥ የት ጋ ነበር? ዛፍ ያጠላበት ነበር? ቦታው ተቀይሮ ያውቃል? እሑድ ማን ያነብ ነበር? ሰረዙ ምን ማለት ነው? ስልክዎን ከፍተው ድምፃቸውን ይቅዱ። ይህን ከደብተሩ አያገኙትም። በዚህ ሳምንት ይሂዱ።